ብርሌውን የሚሞላው ማን ነው?



በየዓመቱ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ወደ እኛ ይመጣል። የሚጠይቁን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጌታን ከተቀበሉ ዓመት ያልሞላቸው አሉ፣ ገና በመፈለግ ላይ ያሉም አሉ። “ፓስተር፣ ለገና ላሊበላ ብንሄድ ችግር አለው? ከሄድንስ ከሚቀርበው መብላት፣ ከሚቀዳው መጠጣት ኃጢአት ነው?” ይላሉ። ለብዙ ዓመታት የምንሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ አትሂዱ፣ አትጠጉ፣ አፋችሁ አታድርጉ። መንፈሳዊ መልስ ይመስለን ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የቆላስይስን ሰዎች የወቀሳቸው እንዲህ ባለው የክልከላ ሃይማኖት ነው፤ የጥበብ መልክ አለው፣ ሥጋን ለመግታት ግን አቅም የለውም ይላቸዋል (ቆላ. 2፥20-23)።

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና እኛው ራሳችን ሄድን። ከላስታ ደጋ ካለችው ትንሽ አጥቢያችን ሦስት ሽማግሌዎችና አገልጋዩ፣ አራት ሆነን ወረድን። ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ ላይ። የሄድነው ልንፈርድ ነበር። የተመለስነው ግን ተፈርዶብን ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ነው። ሙግታችንም ከሦስት ወገን ጋር ነው፦ በዓሉን የመጠጥ ገበያ ካደረጉት ጋር፣ “ባህል ነው፣ ምን አለበት” ከሚሉ ወንድሞቻችን ጋር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከራሳችን ጋር።

በመጀመሪያ ያየነውን እንናገር።

ላሊበላን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙባት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። ገና በዚያ ድርብ በዓል ነው፤ የጌታ ልደት የሚከበርበት ቀን በአገሩ ትውፊት የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ሕዝቡ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾሞ ነው ወደዚያ የሚጎርፈው። በመንገድ ላይ ያገኘናቸው እናቶች ቀናት የፈጀ መንገድ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። በአገልግል ቂጣና ቆሎ ይዘዋል። አንዷ በባዶ እግሯ ነበረች። ጫማዋ የት እንደ ቀረ ስንጠይቃት፣ “ለመሬቱ ብዬ ነው ልጄ፣ የተቀደሰ አይደል?” አለችን። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ስለ ቅዱስ ስፍራ ትምህርት ሊሰጣት አፉን ከፈተና ተወው። ደግ አደረገ።

ከተማው ስንገባ የላሊበላን ሰዎች በየደጃፉ ውኃ ይዘው አየናቸው። የመጣውን የእግዜር እንግዳ አስቀምጠው እግሩን ያጥባሉ። ከየት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ አይሉም። አጥበው ሲጨርሱ ከቤታቸው ያለውን ያቀርባሉ። እኛ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስለማጠቡ (ዮሐ. 13) ስንት ጊዜ ሰብከናል? አገልጋዩ ብቻውን ቢቆጥር ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በላይ ነው። የማናውቀውን ሰው እግር ያጠብንበትን ቀን ግን ብንፈልግ አጣን። የኛም እግር ታጠበ። ማን እንደሆንን ሳይጠየቅ የእኛ የ“ጴንጤዎቹ” አቧራ በአንዲት አሮጊት መዳፍ ላይ ወረደ።

ሌሊቱን ሕዝቡ በየዋሻው ደጅና በየአምባው ላይ ጧፍ አብርቶ አደረ። ሲነጋ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ተባለ፤ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በድንጋዩ ጫፍ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው ቆመው እየተቀባበሉ። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወገኖቻችን ጋር በትምህርት የምንለያይበት ነገር አለ፤ አንደብቀውም። ነገር ግን “ቤዛ ኩሉ” ማለት “የሁሉ ቤዛ” ማለት ነው። ይህን ቃል ሰምቶ “የኔ አይደለም” የሚል የወንጌል አማኝ ካለ፣ ወንጌሉን እንደገና ቢማር ይሻለዋል።

እስካሁን ያየነው የበዓሉን አንድ ወገን ነው። ሌላውን ወገን ያየነው በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት፣ ጸሎቱ ካለቀ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው።

ከዋናው መንገድ ዳር ድንኳን ተጥሏል። የቢራ ጃንጥላ ተተክሏል። የድምፅ ማጉያው እርስ በርሱ አያደማምጥም። በአንድ ግቢ ደግሞ ለእንግዶች “የባህል ምግብና መጠጥ ቅምሻ” ተዘጋጅቷል፤ ጠጁ በየዓይነቱ፣ ጠላው፣ አረቄው በተርታ ተደርድሮ፣ ሰው በብርሌ እየቀመሰ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። አንድ አስጎብኚ ለቡድኑ የዕለቱን መርሐ ግብር ሲያስረዳ ሰማነው፦ ለቤተ ጊዮርጊስ ግማሽ ሰዓት፣ ለጠጅ ቤቱ ሁለት ሰዓት። በግቢው በር ላይ ያቺ በባዶ እግሯ የመጣችው ዓይነት እናት ቁጭ ብላ እጇን ዘርግታለች። ቀማሾቹ በላይዋ እየተራመዱ ይገባሉ። ስንመሽ እዚያው አካባቢ ሁለት ጎረምሶች ሲደባደቡ፣ አንዱ ወድቆ ሲደማ፣ ሌላው ሲያለቅስ ተውናቸው። ለጌታ ልደት ከቤታቸው የወጡ ልጆች ነበሩ።

ይህ የላሊበላ ብቻ ገበና እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ በየዓመቱ “የገና ባዛር” የሚባለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገና የሕፃኑ ስም ነው፤ ባዛሩ ግን የማን እንደሆነ ከመድረኩ ጀርባ የተሰቀለውን የቢራ ሰሌዳ አይቶ መናገር የሚቻልበት ዘመን ነበረ። መንግሥት እንኳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112/2011) የአልኮል ማስታወቂያን ሲገድብ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ሲከለክል፣ ነገሩ የትውልድ ጉዳት መሆኑን አይቶ ነው። ቤተ መንግሥት ያየውን ቤተ ክርስቲያን ካላየች ነውር ነው። የቤተልሔምን ሕፃን ስም ለቢራ ማሻሻጫ ማከራየት ንግድ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። በቤተ መቅደስ የርግብ ሻጮችን ወንበር የገለበጠው ጌታ (ማር. 11፥15) ይህንን ድንኳን አይቶ ዝም ይላል ብለን አናምንም።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን ሙግት እንምጣ። “ፓስተር፣ ጠጅ የአባቶቻችን መጠጥ ነው። ጌታም በቃና ውኃውን ወይን አድርጓል። ምን አለበት?” የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ወንድሞች በሐቅ መመለስ ይገባናል፤ ብዙ ጊዜ በሐቅ ስላልመለስንላቸው ነውና የማይሰሙን።

በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን፣ ቃና ላይ የቀረበው ያልፈላ የወይን ጭማቂ ብቻ ነበር የሚለውን ክርክር ይዘን ለመቆም ሞክረን ነበር። አልጸናልንም። የግብዣው አሳዳሪ ሙሽራውን ጠርቶ የተናገረው ንግግር (ዮሐ. 2፥10) ሰዎች ጠጥተው የሚሰክሩበትን መጠጥ ካላሰብን ትርጉም አይሰጥም። በቆሮንቶስም በጌታ እራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር እንደ ነበር ጳውሎስ ይወቅሳል (1ቆሮ. 11፥21)፤ በጭማቂ የሚሰክር የለም። በዘዳግም 14፥26 እግዚአብሔር ሕዝቡን በበዓሉ በፊቱ እንዲበሉና እንዲጠጡ፣ ከቤተ ሰባቸው ጋር ደስ እንዲላቸው ይፈቅድላቸዋል፤ የሚያሰክረው መጠጥም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጌታችንን ጠላቶቹ በላተኛና ጠጪ ብለው የሰደቡት ከግብዣ ስለማይቀር ነው (ማቴ. 11፥19)። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ያልተናገረውን እንዲናገር አናስገድደው። ማር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ገብስ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ግብዣ የሰይጣን ፈጠራ አይደለም።

የዚህች ከተማ ስም ራሱ ከማር ጋር የተሳሰረ ነው። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደ ከበበውና እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁ ቆጥራ ላሊበላ ብላ እንደ ሰየመችው ትውፊቱ ይናገራል። የላስታ ነጭ ማር እስከ ዛሬ የአገሩ ኩራት ነው። ስለ ማር ግን ጠቢቡ የሰጠው ምክር አለ፦ ማር ያገኘ ሰው የሚበቃውን ያህል ይብላ፣ ከበዛበት ይተፋዋል (ምሳ. 25፥16)። ጠቢቡ ማሩን አልረገመም። ልኩን አሳየ።

“እንግዲያው ተስማማን፤ እንጠጣ” እንዳትሉ። ሙግቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እኛ አንጠጣም። የማንጠጣውም ብርሌው ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን ከአጠገባችን የተቀመጠው ወንድም ስላለ ነው። ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ አለመብላት፣ ወይን አለመጠጣት መልካም እንደሆነ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል (ሮሜ 14፥21)። በላስታ ደጋ ይህ ወንድም የሐሳብ ሰው አይደለም። ስሙን እናውቀዋለን። በሬውን በአረቄ ያስወሰደውን እናውቀዋለን። ሚስቱ ሌሊት ልጆቿን አቅፋ ወደ ቤታችን የሮጠችበትን እናውቀዋለን። አሁን ከዓመታት ትግል በኋላ በጌታ ጸጋ ቆሟል። እርሱ እያየ “እኔ በልኩ ነው የምጠጣው” ብሎ ብርሌ የሚያነሣ አማኝ፣ ነፃነቱን በወንድሙ አንገት ላይ ቆሞ ነው የሚያጣጥመው።

ሁለተኛም፣ የገብሱን ነገር አስቡ። በቆላው ሰው ቢያንስ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ በእኛ ደጋ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ሰው የሚኖረው በገብስ ነው። ብቅል የሚሆነው ገብስ፣ ቂጣና በሶ የሚሆነው ገብስ፣ ለዘር የሚቀመጠው ገብስ ከአንድ ጎተራ ነው የሚወጣው። በጥር የተጠመቀው ጠላ በሐምሌ የልጅ ቁርስ ይጎድለዋል። ይህንን ለማወቅ የግብርና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ በክረምት አንድ የደጋ ቤት ገብቶ ጎተራውን መክፈት ይበቃል።

ለወሎ ሰው ግብዣና ረኃብ ተለያይተው አያውቁም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ሲያልቅ፣ የቤተ መንግሥቱ ግብር አልታጠፈም ነበር። በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ንጉሡ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ የተራቡት የወሎ ሰዎች ምስልና የቤተ መንግሥቱ ድግስ ጎን ለጎን ሆኖ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ዙፋኑ ወደቀ። ያንን ምስል ያሳዩት ሰዎች ራሳቸው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ በኮረም ሕዝብ በየቀኑ ይረግፍ ነበር። ነቢዩ አሞጽ በጎድጓዳ ዕቃ ወይን የሚጠጡትን፣ ስለ ወገናቸው ስብራት ግን የማያዝኑትን ሲወቅስ (አሞጽ 6፥6) የሰማርያን ሰዎች ነው የተናገረው፤ እኛ ግን የራሳችንን ታሪክ ነው የምናነብበት። ንጉሥም ይሁን ወታደር፣ በደጁ የተራበ እያለ የሚደግስ ድግሱ ራሱ ይመሰክርበታል።

የበዓል መለኪያው ምን እንደሆነ ነህምያ ነግሮናል። ሕዝቡን በሉ፣ ጠጡ፣ ደስ ይበላችሁ ካላቸው በኋላ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ሰዎች ድርሻቸውን ላኩ አላቸው (ነህ. 8፥10)። ጌታም ግብዣ ስታደርግ ዘመዶችህንና ሀብታም ጎረቤቶችህን ተውና ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ብሎ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥12-14)። በዚህ መለኪያ ያን ዕለት ሁለቱን የላሊበላ ገናዎች መዘንናቸው። እግር የምታጥበው አሮጊት ቂጣ መለኪያውን አለፈ። የቅምሻው ግቢ ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ “አሜን” ስትሉ የመጣችሁ ወገኖች አሉ። እንግዲህ ሦስተኛው ሙግት ከእናንተና ከእኛ ጋር ነው።

ዕንባቆም 2፥15 ላይ ወዮታ አለ። ወዮታው የወረደው በጠጪው ላይ አይደለም፤ ለባልንጀራው በሚያጠጣው፣ እስኪሰክር በሚቀዳለት ላይ ነው። ይህን ጥቅስ ይዘን ከሁለት ገና በፊት አንዲት እኅታችንን ፈርደንባት ነበር። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ አልፏል፤ ሦስት ልጆች አሏት። ለገና ሰሞን ደጇ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰቅላ ለመንገደኛ ጠላ ትሸጥ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰበሰብንና ጠራናት። ሁለት ጥያቄ ጠየቅናት፦ ትጠምቂያለሽ? ትተያለሽ? “አዎ” እና “ምን ላድርግ” ብላ መለሰች። ከጌታ እራት አገድናት። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ፊርማችንም አለበት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አልመጣችም።

በዚያው ዓመት ውስጥ ቤቱን ለመጠጥ ቤት የሚያከራይ፣ በወር የሚቀበለው ኪራይ የእኅታችንን የዓመት ገቢ የሚበልጥ አንድ ወንድም አጥር ለማሳጠር የሚሆን ቆርቆሮ ገዝቶ ሰጠን። በመድረክ ላይ አቁመን አመሰገንነው። ጭብጨባው ብዙ ነበር። እርሱን “ቤትህ ውስጥ ምን ይሸጣል?” ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ የለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ወርቅ ቀለበቱና ስለ እድፋሙ ልብስ የጻፈውን (ያዕ. 2፥1-4) በየዓመቱ እናስተምራለን። ያን ቀን ግን ወርቅ ቀለበቱን ወደ ፊት ወንበር አምጥተን እድፋሙን ልብስ ከደጅ አስወጣነው።

ከላሊበላ ስንመለስ መንገዳችን በእኅታችን ደጅ ያልፋል። ጣሳው አሁንም ተሰቅሏል። ልናልፍ ነበር፤ እርሷ አየችንና ወጣች። “ግቡ እንጂ፣ በበዓል ደጄን ታልፉ?” አለች። ገባን። ትኩስ ዳቦ ቆረሰችልን። ከእንስራ ውኃ ቀዳችልንና ሳቅ ብላ፣ “ከዚያኛው እንስራ አልቀዳሁም፣ እንዳትፈሩ” አለች። ማናችንም አልሳቅንም። ከዚያ ዝም አለችና እንዲህ አለች፦ “ፓስተር፣ ጠላውን እንድተው ነገራችሁኝ። ልክ ናችሁ፤ እኔም አልወደውም፣ ሰው ሰክሮ ሲወጣ አለቅሳለሁ። ገብሱን ሌላ ማን በምን እንደሚገዛኝ ግን አልነገራችሁኝም። ልጆቹ ይብሉ ወይ ብሎም የጠየቀኝ የለም።”

ወገኖች፣ በመንፈሳዊ ኮሌጅ የተማርነው ግሪክኛ በዚያች ደሳሳ ቤት አልጠቀመንም። ራቁቱንና የዕለት ምግብ ያጣውን በደኅና ሂድ፣ ይሙቅህ፣ ጥገብ ብሎ የሚያሰናብት፣ ግን የሚያስፈልገውን የማይሰጥ ሰው ምን ይጠቅማል? (ያዕ. 2፥15-16)። እኛ “አትጥመቂ” ብለን አሰናበትናት። ብርሌውን የሚሞላው ማን ነው ብለን ጠየቅን፣ እርሷን አገኘን፣ እጇን ያዝን። እጇን ወደ እንስራው የገፋው ረኃብ ግን የማን ነበር? መበለትን በመከራዋ መጠየቅ ንጹሕ አምልኮ መሆኑ የተጻፈላት ቤተ ክርስቲያን (ያዕ. 1፥27) መበለቷን የጠየቀቻት ለፍርድ ብቻ ነበር። ብርሌውን እኛም ሞልተነዋል።

ይህን ስንል ጠላ መሸጥ ትክክል ነው አላልንም። እርሷም አላለችም። ነገር ግን ሸክምን ለማንሣት አንዲት ጣት ሳያነሡ ሸክም የሚጭኑ ሰዎችን ጌታ ምን እንዳላቸው እናውቃለን (ሉቃ. 11፥46)።

በሚቀጥለው እሑድ አገልጋዩ በጉባኤው ፊት ቆሞ ቃለ ጉባኤውን አነበበና ይቅርታ ጠየቀ። ከሽማግሌዎች አንዱ አልተስማማም፤ “ሥነ ሥርዓት ይላላል” አለ፤ እስከ ዛሬም በሐሳቡ አለ፣ እናከብረዋለን። ባለ ኪራዩን ወንድም ለብቻው አነጋገርነው። ቤቱን ወዲያው አልቀየረም። ውሉ ሲያልቅ እንደማያድስ ነገረን፤ እየጠበቅን ነው። እናቶች እቁብ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ዕጣ ለእኅታችን ይሁን ተባለ። ባለፈው ገና በደጇ ጣሳው አልነበረም። ገብሱን በደንብ ቆልታ ቀሪቦ አዘጋጀች፣ ማር ያገኘች ቀን ብርዝ በጠበጠች፣ ዳቦና ንፍሮ አቀረበች። መንገደኛው ገዛት። ትርፉ እንደ ጠላው እንዳልሆነ በግልጽ ነግራናለች፤ ጉድለቱን የምትሞላው አጥቢያዋ ናት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልቻልንም። ይህ የድል ምስክርነት እንዳይመስላችሁ። ዕዳ መክፈል የጀመሩ ሰዎች ወሬ ነው።

ስለዚህ በታኅሣሥ ለምትጠይቁን ወጣቶች አሁን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው።

ወደ ላሊበላ ሂዱ። ስትሄዱ ግን ለማሾፍ አትሂዱ፤ በባዶ እግሯ የመጣችውን እናት ሳቅ የሚያደርግ የወንጌል አማኝ ወንጌሉ ከጆሮው አልፎ ልቡ አልገባም። የቤዛ ኩሉን ትርጉም አስቡ። ውኃ ይዛችሁ ተቀመጡና የመንገደኛ እግር እጠቡ፤ ከማን እንደ ተማራችሁ ለመናገርም አትፈሩ። ዳቦ ከቻላችሁ ይዛችሁ ሂዱና ምንም ላልተዘጋጀለት አካፍሉ። መጠጥ ቢቀርብላችሁ በትሕትና “ይብቃኝ” በሉ፤ የቀዳውን ሰው አታዋርዱ። የቅምሻውን ግቢ እለፉት፤ ከደጁ የተቀመጠችውን ግን አትለፏት። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ደግሞ በአጥቢያችሁ ያለችውን ባለ ጣሳ እኅት ፈልጉ፤ ከፍርዱ በፊት ገብሷን ግዟት።

እናንተ ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ “እነዚህ ሰዎች ደስታን ይጠላሉ” ብላችሁ ትጠረጥሩን ይሆናል። ጌታችን በመጨረሻዋ ሌሊት ጽዋውን አንሥቶ፣ በእግዚአብሔር መንግሥት አዲሱን እስኪጠጣ ድረስ ከወይን ፍሬ ዳግመኛ እንደማይጠጣ ለወዳጆቹ ነገራቸው (ማር. 14፥25)። በማግሥቱ ሊሰቅሉት ሲሉ ሕመም የሚያደነዝዝ ወይን ሲያቀርቡለት አልወሰደም (ማር. 15፥23)። ስቃያችንን ሳይደነዝዝ ሙሉውን ጠጣው። ብርሌ የሚያስረሳችሁን ያን ኀዘን፣ የሞተባችሁን፣ በጦርነት ያጣችሁትን፣ በሌሊት የሚያስነሣችሁን፣ እርሱ በጤናማ ዓይኑ አይቶ ተሸክሞታል። ለማስረሳት አልመጣም፤ ለመሸከም ነው የመጣው።

በአገራችን በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት “ቤተልሔም” ትባላለች። በዕብራይስጥም ቤተልሔም “የእንጀራ ቤት” ማለት ነው። ጌታ የተወለደው በእንጀራ ቤት ነው፤ የተራበ ሁሉ እንዲበላ። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር በተራራው ላይ ለሕዝብ ሁሉ ታላቅ ግብዣ እንደሚያደርግ፣ ሞትንም ለዘላለም እንደሚውጥ አይቷል (ኢሳ. 25፥6-8)። እኛ የተራራ ሰዎች ይህን ራእይ እንወደዋለን። ዛሬ ብርሌውን የምናስቀምጠው ያን ግብዣ እየጠበቅን ነው። የዚያን ቀን በደጅ ተቀምጣ እጇን የምትዘረጋ እናት አትኖርም። ጣሳ የምትሰቅል መበለት አትኖርም። ቀጂውም እርሱ ራሱ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ደጁ በእኛ እጅ ነው።

ጌታ ሆይ፣ በስምህ ከጠገብንበትና ወንድማችንን ከረሳንበት ግብዣ ሁሉ ይቅር በለን። የፈረድንባትን እኅት መልሰህ ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። የላስታን ጎተራ ሙላ፣ ለአገራችን ሰላም ስጥ፣ ዓይናችንንም ከብርሌው ወደ ደጁ መልስልን። አሜን።